ጥንቸሏ ያኮረፈች መስሎኝ

እኛ ቤት ሰው ሲናደድ አይጮህም፤ ምግብ ይተዋል። አባቴ ሲያኮርፍ ሦስት ቀን ሙሉ ከገበታ ይርቅ ነበር፤ ማንም "ና ብላ" አይለውም። ደሴ ያደግሁበት ቤት ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ያኮረፈ ሰው አይለመንም፣ ሲርበው ራሱ ይመጣል። ይህንኑ ሕግ ይዤ አትላንታ ገባሁ፣ አገባሁ፣ አንዲት ሴት ልጅ አሳደግሁ። ልጄም አድጋ ለትምህርት ሌላ ስቴት ሄደች። እስከዚያ ድረስ ሕጉ ማንንም አልገደለም። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ጥንቸል ሊገድልብኝ ነበር።

ጥንቸል ያማራት ባለቤቴ ናት። ሥራዋ አቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ከምትንከባከባቸው አሮጊቶች አንዷ ጥንቸል አላት። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ "እኛም ጥንቸል አዶፕት እናድርግ" አለችኝ።

"ለምን?" አልኳት።

"ቤቱ ጭር አለ።"

"ጥንቸልም እኮ ድምፅ የላትም።"

"ቢያንስ ትንቀሳቀሳለች" አለችኝ።

ነገሩ ለእኔ የተወረወረ መሆኑ የገባኝ ከሁለት ቀን በኋላ ኤርፖርት ታክሲዬ ውስጥ ሆኜ መንገደኛ ስጠብቅ ነው። ያን ጊዜ መልስ ለመስጠት ረፍዷል።

ማሪዬታ አካባቢ የተጣሉ ጥንቸሎች የሚጠለሉበት ቤት አለ። መጀመሪያ ኦንላይን ፎርም ይሞላል። ዜግነት ስጠይቅ የሞላሁት ፎርም እንኳ ይህን ያህል አልመረመረኝም። ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው፣ ቀን ቀን ማን ይኖራል፣ ብትታመም የት ትወስዷታላችሁ፣ ቤት ብትቀይሩ ምን ታደርጓታላችሁ ይላል። መጨረሻው ላይ ሁለት ሬፈረንስ፣ ስለ እኛ የሚመሰክሩ ሰዎች፣ ይጠይቃል። ባለቤቴ "ስልክ ቁጥር ብቻ ጻፍ" አለችኝ። እኔ ግን ሰው ልጁን ስጡኝ ሲል ስልክ ቁጥር እንደማይልክ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ።

አንደኛው ከወሎ የመጡ፣ መስጊዳችን ውስጥ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛው ኖርክሮስ ጎረቤታችን የሆኑ፣ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። የመጠለያዋ ሴትዮ ሹራቧ በጥንቸል ፀጉር ተሸፍኗል፤ እኛን አራታችንን ስታይ ወንበር ፍለጋ ሄደች።

የወሎው ሽማግሌ ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉና መሰከሩ። እኔ ተረጎምኩ። ስለ ራሴ የተነገረውን ምስክርነት በራሴ አፍ መናገር አሳፋሪ ነው፤ ግን ሌላ አስተርጓሚ አልነበረም። "ይህን ሰው ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። አይጠጣም። እጁን በሰው ላይ አንሥቶ አያውቅም። ሥራውን አክባሪ ነው" አሉ። ሴትዮዋ ጻፈች። የአዲስ አበባው ሽማግሌ ደግሞ በተራቸው "እናንተስ ስለ ልጅቱ ምን ትነግሩናላችሁ? ጤናዋ እንዴት ነው? የቀድሞዎቹ ለምን ተዉአት?" ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። እዚህ ቤት ስትሠራ ይህን ጥያቄ በዚህ መልክ የጠየቃት ሰው እንደሌለ ተናገረች። ጥንቸሏን ባለቤቶቿ ቤት ሲለቁ ካርቶን ውስጥ አድርገው ፓርኪንግ ላይ ጥለዋት ነው የሄዱት። ሁለቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ተፈቀደልን።

ስንመለስ የወሎው ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው ብዙ ካሰቡ በኋላ "ለመሆኑ ይህች እንስሳ ምን ታደርግልሃለች?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ቤት ውስጥ ትቀመጣለች።"

እስከ ኖርክሮስ ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ደሴ ያለችው እህቴ ግን በስልክ እንዳየቻት "መቼ ነው የምታርዷት?" አለች። አትታረድም ስላት በእኔ ፈንታ እሷ አፈረች።

ሴትዮዋ ስታስረክበን አንድ ነገር አጥብቃ ነግራን ነበር። ጥንቸል ቂመኛ ናት፤ ከተቀየመች ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፣ አትደንግጡ፣ ይወጣላታል አለችን። ይህ ሲነገረኝ ልቤ ሞቀ፤ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አልሰማሁም። ስለ አያያዟ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀትም ሰጠችን። ባለቤቴ አንብባው ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። እኔ ዋናው ነገር ገብቶኛል ብዬ አላነበብኩትም።

ጥንቸሏ ግራጫ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ወድቋል። ምግቧ በአብዛኛው ደረቅ ሳር ነው፤ ከዚያ ላይ ትንሽ ቅጠል። ድንብላል ትወዳለች። ካሮት እንደ ከረሜላ ስለሚቆጠር በልክ ነው የሚሰጣት። የቻርጀር ገመድም ትወዳለች፤ ሦስት በልታብኛለች። እኔ የጠዋት መንገደኞቼን ኤርፖርት አድርሼ ረፋዱ ላይ ቤት ስለምገባ ቀን ቀን የምንውለው እሷና እኔ ነን። ጥንቸል የቆመ ሰው አትቀርብም። ስለዚህ ምንጣፍ ላይ በሆዴ መተኛት ጀመርኩ። አንድ ሳምንት አላየችኝም። በሁለተኛው ሳምንት መጥታ አገጯን ካልሲዬ ላይ አሻሸች። ይህ በእነሱ ዘንድ "የእኔ ነው" ማለት እንደሆነ ባለቤቴ ነገረችኝ። ወደድኳት። ሰው ፊት አልተናገርኩትም እንጂ በጣም ወደድኳት፤ መንገድ ተዘግቶ ቤት ስዘገይ የማስበው እሷን ነበር።

አንድ አርብ ከጁምዓ ስመለስ ጥፍሯ ረዝሞ አየሁ። ድንብላሏን በልታ ስትጨርስ በፎጣ ጠቅልዬ ጥፍሯን መቁረጥ ጀመርኩ። በኋላ እግሯ ሆዴን መታችኝ፤ እኔም ተቆጣኋት። እንደለቀቅኳት ሶፋው ሥር ገብታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እሺ፣ አኮረፈች አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሩ እንዳለ ነው። ባለቤቴ የራሷን ቁርስ ይዛ ሶፋው አጠገብ ተንበርክካ አየቻት።

"ምንም አልበላችም" አለችኝ።

"አኩርፋ ነው። ተያት፣ ሲርባት ትመጣለች።"

"ዶክተር ጋ ደውልና አፖይንትመንት ያዝ።"

"ለኩርፊያ ዶክተር የለም።"

"ወረቀቱ ላይ እኮ..."

"ወረቀቱን አውቀዋለሁ" አልኳት። አላውቀውም ነበር።

ባለቤቴ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሥራ ሄደች። ከሥራ ስትመለስም አላናገረችኝም። አሁን ቤት ውስጥ ያኮረፉ ሁለት ሆኑ። እኔም ሁለቱንም በሕጉ መሠረት ተውኳቸው። ሶፋው ሥር ትኩስ ሳር ጨመርኩና ዞር አልኩ፤ ይህ ራሱ ከአባቴ ቤት አንጻር ብዙ ነው።

እሑድ ጠዋት አንድ መንገደኛ አድርሼ ስመለስ የምትጸዳዳበትን ሣጥን ላጥብ አነሣሁት። ባዶ ነው። ጥንቸል በቀን ውስጥ የምትጥለው በጠጥ ተለቅሞ አያልቅም፤ እኔ ሁልጊዜ በዚህ ስነጫነጭ ነው የምኖረው። አሁን አንድም የለም። ሶፋው ሥር እጄን ሰድጄ ሳወጣት አልታገለችኝም። ጆሮዋ በርዷል፤ ጥርሷን ታፋጫለች። ያን ጊዜ ሄጄ ወረቀቱን አነበብኩ። ጥንቸል ግማሽ ቀን ካልበላች ወዲያው ሐኪም ይያት፣ ያለዚያ ትሞታለች ይላል፤ በደማቅ ፊደል። እኔ አንድ ቀን ተኩል አልፌአለሁ። ስልኬን አንሥቼ ሐኪም ቤት መፈለግ ጀመርኩ።

እሑድ ጥንቸል የሚያይ ኢመርጀንሲ ያገኘነው ሮዝዌል ነው። ባለቤቴ ጥንቸሏን በፎጣ አቅፋ ኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ከእሷ ጋር ብቻ አወራች። ፓርክ ሳደርግ የሁለት መኪና ቦታ ያዝኩ፤ አላስተካከልኩትም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ሆዷን ዳብሳ፣ በመሣሪያ አዳምጣ "መጨረሻ የበላችው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ። ሦስት ዘለላ ድንብላል" አልኩ።

"ታዲያ ለምን እስካሁን ቆያችሁ?"

ባለቤቴን አየኋት። እሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የኤሊ ሥዕል ታያለች። "አኩርፋኝ መስሎኝ ነው" አልኩ። ሐኪሟን ላስረዳት ሞከርኩ። ጥፍሯን ቆርጬ እንደተቆጣኋት፣ በእኛ ቤተሰብ ያኮረፈ ሰው እንደማይለመን፣ ሲርበው ራሱ እንደሚመጣ ነገርኳት። ይህን በእንግሊዝኛ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በእንግሊዝኛ በጣም መጥፎ ነው።

"ጥንቸል ሲያማት ሕመሟን ትደብቃለች፤ የተቀየመች ነው የምትመስለው" አለችኝ። "አንጀቷ ሥራ አቁሟል። ምግብ ካልገባ አይነሣም፤ እሷ ደግሞ በራሷ አትበላም። እኔ መድኃኒት እሰጣታለሁ። እናንተ በየአራት ሰዓቱ በአፏ ትሰጧታላችሁ።"

"ትተርፋለች?"

"እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ በጠጥ ከጣለች ተስፋ አላት። ካልጣለች ግን ቃል አልገባላችሁም።"

መርፌ የሌለው ስሪንጅና በውኃ የሚበጠበጥ የሳር ዱቄት ሰጠችን። ለሰኞ የያዝኳቸውን መንገደኞች ለጓደኛዬ አስተላለፍኩ። ኩሽና ወለሉ ላይ ፎጣ አነጠፍኩና ተንበረከክሁ። የመጀመሪያውን ጺሜ ላይ ተፋችው። ሁለተኛውንም። ጠቅላላ ኩሽናው ሳር ሳር ሸተተ።

ችግሩ እጄ አልነበረም። ሰው እንዲበላ መለመን አላውቅበትም፤ በሃምሳ አራት ዓመቴ አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። መጀመሪያ "ብይ" አልኳት። አልበላችም። "ብይ እንጂ" አልኳት፤ ይህ ደግሞ ቁጣ ነው። ጥርሷን ገጠመች። በእጄ ውስጥ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል፤ እየፈጠነ ነው። ልትሞት ነው፣ የገደልኳትም እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ያኔ ሌላ ሰው ቤት ስሰማው የኖርኩት ቃል ከአፌ ወጣ። "በሞቴ" አልኳት። "በሞቴ ብይልኝ። አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።" ዋጠች። ሐኪሟ ብትኖር አጋጣሚ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ግን ስሪንጁን በሞላሁ ቁጥር እየደጋገምኩ አልኩት፤ እሑድም፣ ሰኞ ጠዋትም። በሰዓት አልተሳሳትኩም። የዋጠችውን ሁሉ በሚሊ ሊትር ጻፍኩ።

ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አካባቢ ጎንበስ ብዬ ስለምናት ፎጣው ላይ አንዲት ጥቁር ነገር አየሁ። ምስር የምታክል በጠጥ ናት። በሁለት ጣቴ አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኳት። አለቀስኩ፤ በበጠጥ ያለቀሰ ሰው ስለመኖሩ አላውቅም፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

ቀና ስል ባለቤቴ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ለሥራ ለብሳ ቦርሳዋን ይዛለች። ስንት ደቂቃ እንደቆመች አላውቅም።

"ጣለች" አልኳት፤ አሳየኋት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከቅዳሜ ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ጥንቸሏን አየቻት፤ ስሪንጁን አየችው። ቀጥላም "ለካ በሞቴ ማለት ትችላለህ" አለችኝ።

በጠጧን ፎጣው ላይ መልሼ አስቀመጥኩ።

"እኔ መጨረሻ የበላሁት መቼ ነው?" አለችኝ።

የጥንቸሏን አውቃለሁ። አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ዘለላ። ከዚያ ወዲህ ያለውን በሚሊ ሊትር አውቃለሁ። የባለቤቴን ግን አላውቅም። የታጠበ ሳህን ይነግረኝ ይመስል ወደ ማጠቢያው ዞሬ አየሁ።

"ሥራ ቦታ የምትበዪ መስሎኝ" አልኩ።

"ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ቂጣ" አለች። "ግማሹን አንተ ወረቀቱን አውቀዋለሁ ስትል ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሻይ ነው።" ቦርሳዋን ወደ ሌላ ትከሻዋ አዛወረች። "ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባኮረፍኩ ቁጥር ራሴ ነው የምመጣው። አንተ ርቦኝ ይመስልሃል። ርቦኝ አይደለም። እንደማትጠራኝ ስለማውቅ ነው።"

ይህን ስትል አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጥንቸሏን ማደሪያዋ ውስጥ አስገባሁ። እጄን ታጠብኩ። ሁለት እንቁላል በቃሪያ ጠበስኩና ዳቦ ቆረጥኩ። ባለቤቴ ቦርሳዋን እንደያዘች በሩን ተደግፋ ታየኛለች፤ ሥራ እንደሚረፍድባት አልተናገረችም። እንቁላሉን በዳቦ ጠቅልዬ ፊቷ ቆምኩ። ለጥንቸሏ ቀን ሙሉ ስለው የዋልኩት ቃል ለባለቤቴ ሲሆን ከበደኝ። እሷ ጥንቸል አይደለችም፤ ሁሉንም ታስታውሳለች።

"በሞቴ" አልኳት።

አልተቀበለችኝም። እጄን ዘርግቼ ቆየሁ።

"በሞቴ ብይልኝ" አልኩ።

"እጅህ ሳር ሳር ይላል" አለችኝ፤ ከዚያ አፏን ከፈተች።