ሳፊያ የመረጠችው ዘርፍ

ሳፊያ ሀምዱ የደጋን ከተማ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ኮምቦልቻ መጠለያ ውስጥ ሰፋሪ መዝጋቢ ነበረች። አንድ ጧት ዘይኑልአቢዲን የሚባል ገበሬ ጠረጴዛዋ ፊት ቆሞ፣ «እቴ፣ ሚስቴ ጣይባ ታማ ከሐኪሞቹ ድንኳን ተኝታለች። እስክትነሳ ልጠብቃት» ብሎ ለመናት። ሰዉን ወደ ሰፈራ የሚጭነው አውቶብስ ሞተሩን አስነስቷል፤ ካድሬው «ቁጥሩ ይሙላ!» እያለ ይጮሃል።

«ሂድ፣ በሚቀጥለው ትከተልሃለች» አለችውና ስሙን ጻፈች።

ጣይባ በአራተኛው ቀን ተነሳች። ባሏን ወዴት እንደወሰዱት የሚነግራት ግን አላገኘች።

ሦስት ዓመት አለፈ። ሳፊያ ደሴ ፕላን ክፍል ተቀጥራ፣ ሆጤ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ስብሰባ ላይ የሰው ስም ሲጠራ ግን ያ ጧት ትዝ ይላታል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሄዳ በመንግሥት ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር ተመረጠች። ቅጹ ዘርፍ ምረጪ ይላል፤ ኢንዱስትሪ፣ ግብርና ወይም የሕዝብ አሰፋፈር።

«ኢንዱስትሪ በይ» አሏት አለቃዋ አቶ ሞላልኝ። «ሰፈራ እሳት ነው፣ ምን አስነካሽ?»

እሷም የፈለገችው ያንኑ ነበር። ማሽን ሰውን ትክ ብሎ አያይም። ኢንዱስትሪ ብላ ሞላች።

በሳምንቱ ለሥራ ኮምቦልቻ ብትወርድ፣ መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ሴት የሚወርደውን ተሳፋሪ ሁሉ «ከሰፈራ የመጣ አለ?» እያለች ትጠይቃለች። ጣይባ ናት። ከመጠለያው ጀምሮ በመልክ ታውቃታለችና፣ ሳፊያን እንዳየቻት ለየቻት።

«እቴ፣ የባሌን ስም የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ወዴት ጻፍሽው?»

«አላህ ያውቃል» አለች ሳፊያ።

«አላህማ ያውቃል። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ሳፊያ ደሴ ተመልሳ ቅጹን ቀደደችው። በሌላ ቅጽ ላይ የሕዝብ አሰፋፈር ብላ ጻፈች። አቶ ሞላልኝ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፈረሙላት።

ያን ጊዜ ከኮምቦልቻ የተጫኑት ወለጋ መወሰዳቸውን ከመዝገብ አግኝታ፣ ለመመረቂያ ጥናቷ ወለጋ ወርዳ በሰፈራ መንደሮቹ ዞረች። በአምስተኛው መንደር ዘይኑልአቢዲንን በቆሎ ሲኮተኩት አገኘችው። አጠገቡ ነፍሰ ጡር ሴት ቆማለች።

«ጣይባ ሞተች አሉኝ» አለ። «ሶደቃዋን አወጣሁ።»

በሕይወት መኖሯን ስትነግረው ዶማውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ነፍሰ ጡሯ «ማን ናት?» አለችው።

ሳፊያ ኮምቦልቻ መጥታ ለጣይባ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ጣይባ ሻሿን እያጠበቀች ሰማቻት።

«ሊወልድ ነው በይኛ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ መናኸሪያው ላይ ያያት የለም።

ጥናቱ በማዕረግ አለፈ። ቤተሰብ ሳይሟላ ማንም አይጫን የሚል ምክር ነበረበት፤ መምህራኑ አመሰገኑት፣ የዚያን ጊዜው መንግሥት ግን ጥናቱን ሳያነበው ከሥልጣን ወደቀ። ሳፊያ ጣይባን ሦስት ጊዜ ፈለገቻት። አንዱ ባቲ ወርዳለች አላት። ሌላው በእግሯ ወደ ወለጋ ሄደች አላት።