ቆራሹና መራጩ

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ኬክ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ፣ የትኩስ ፉርኖ ሽታ አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ ሳለ፣ አጠገቤ ያሉ ጎረምሶች «ካምፓኒ እንክፈት» ሲባባሉ ሰማሁና ጆሮዬ ቆመ፤ በዚህ ዕድሜዬ ያለ ከዘራ የሚቆምልኝ እሱ ብቻ ነው።

የቃሉን ምንጭ የነገሩን፣ አራት ኪሎ ስንማር፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበሩ። የነጋዴ ማኅበር፣ የሻምበል ጦር፣ አብሮ ተቀምጦ መጫወትም የሚባለው ካምፓኒ፣ ጥንት በላቲን «ዳቦ አብረው የሚበሉ» ማለት እንደነበር፣ ዳቦን «ፓኒስ» ያሉትም የጣሊያኖቹ «ፓኔ» አያት እንደሆነ ሲያስረዱን፣ የፒያሳ ልጆች ሁላችን ዳቦ ቤቶቻችን ትዝ ብለውን ሆዳችን ጮኸ።

እኔና የክፍል ጓደኛዬ ተስፋዬ ግን ከትምህርቱ በፊትም ካምፓኒ ነበርን። በየእረፍቱ አንድ ፉርኖ እንካፈላለን፤ ሕጋችን የቆረሰ አይመርጥም የሚል ነበርና፣ እሱ ሲቆርስ እንደ ወርቅ ሠሪ እየተጨነቀ፣ እኔ ስመርጥ እንደ በግ ገዢ እያገላበጥኩ፣ ሳንበላ ደወል ይደወል ነበር።

ያን ዕለት ትምህርቱ ልቡ የገባው ተስፋዬ፣ ግንቡን ተደግፋ ብቻዋን የቆመችውን አዲሷን ተማሪ አልማዝን ጠርቶ፣ ፉርኖውን ሦስት ቦታ ቆረሰና «ምረጪ» አላት። እኔ መራጩ ቆሜ! ለስላሳውን መሀሉን አነሳች፤ ለእኔ ድንጋይ የመሰለው ጫፍ ደረሰኝ።

«ምን ያስኮርፍሃል አንተ? ካምፓኒያችን ሰፋ እኮ!» አለኝ ተስፋዬ።

«ካምፓኒው ሰፋ፣ ዳቦዬ ጠበበ።»

አልማዝ ትን እስኪላት ሳቀች፤ ይባስ ያናደደኝ ሳቋ ማማሩ ነው። በእሷ ይሁን በእሱ፣ ወይስ በዳቦው፣ በማን እንደቀናሁ ይኸው ጥርሴ ረግፎም አልለየሁትም።

ኋላ ሁለቱ ተጋቡ፤ እኔው ሚዜ ሆንኩ። ሰፈራችን ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ተስፋዬ በየጊዜው እየደወለ «ና እንጂ፣ አንተ ቀናተኛ! አልማዝ ዳቦ ደፍታለች» ይለኛል። እኔም በጉልበቴ አሳብቤ እቀራለሁ፤ እሱ ሲቆርስ እሷ ስትመርጥ እያየሁ ምኑን እውጠዋለሁ?

ኬክ ቤቱ ያዘዝኩት ፉርኖ መጣ። እጄ እንደለመደው ሁለት ቦታ ቆረስኩትና ሳልነካው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ዳቦው ቀዘቀዘ፤ ሰው ይጠብቃሉ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«አዎ ልጄ፣ የሚመርጥ።»

ያ ያኮረፍኩበት ጫፍ ዛሬ ቢደርሰኝ፣ ጥርስ ባይኖረኝም እየመጠመጥኩ እጨርሰው ነበር።