የቀረው አንድ ፊልም

ልጅ እያለሁ የራጅ ማሽን የሚተኩስ ይመስለኝ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ የወታደር መኪና ከተማችንን ሐይቅን አቋርጦ ሲያልፍ እያየን ነው ያደግነው። ወደ ሰው የዞረ ብረት ሁሉ ለእኛ መሣሪያ ነበር።

ሳል አልለቅ ብሎኝ ከሳሁ። ጎረቤቱ ሳንባዋ ተነክቷል እያለ ማንሾካሾክ ሲጀምር አባቴ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ የግሸን ማርያምን ሲለምን ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ከፊልም ማጠቢያው የተነሣ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሰይድ የሚባለው የራጅ ባለሙያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞረና ደረቴን ቀዝቃዛ ብረት ላይ አስደገፈኝ። ከጀርባዬ አፈሙዝ የመሰለ ነገር አለ። እሱ ከጨረር መከለያው ጀርባ ገብቶ "ትንፋሽ ያዢ! እንዳትንቀሳቀሺ!" ሲል እሪ ብዬ ሮጥኩ። ፎቶው ተበላሸ። በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የቀረው ፊልም አንድ ብቻ ነው አለ። አባቴ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ሰይድ ግን አልተቆጣም። ወጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ከየት ነሽ፣ እቴ?"

"ሐይቅ።"

"ዋና ትችያለሽ?"

"ይቺ? ከዓሣ ጋር አይደል የምትውለው!" አለ አባቴ።

"አብሽሪ" አለኝ ሰይድ። "ይሄ ፎቶ ማንሻ ነው፣ አያምም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። እኔ የምከለለው ቀኑን ሙሉ እዚህ ስለምውል ነው እንጂ አንቺን ፈርቼ አይደለም። 'ያዢ' ስልሽ ውሃው ውስጥ ጥልቅ በይ። 'በቃ' ስልሽ ብቅ።"

ጠለቅኩ።

ሳንባዬ ደህና ነበር። አባቴ የሰይድን እጅ ይዞ "እመቤቴ ትስጥልኝ" አለው፤ እሱም "አሚን" አለ።

ዛሬ ልጄ የራጅ ባለሙያ ናት። በቅርቡ ጦርነት የምትሠራበት ሐኪም ቤት ተዘርፎ ባዶ ሆኖ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌላ ማሽን መጣ። ፊልም አይፈልግም፤ ፎቶው ቢበላሽ ወዲያው ደግማ ታነሣለች። የሰው ፍርሃት ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ብሷል።

በቀደም ጉልበቴን እንድታይልኝ ሄጄ በር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከውስጥ አንዲት እናት ሲያለቅሱ ሰማሁ። ልጄ ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሰሙ፣ ለምን ዞር እንደምትል አስረዳቻቸው። ልቅሶው ቆመ።

"ለፎቶማ ከሆነ" አሉ ሴትዮዋ፣ "ቆይኝ፣ ነጠላዬን ላስተካክል።"

ሁለቱም ሲስቁ እኔም ውጭ ሆኜ ሳቅሁ። ተመስገን።