ከዶረቲ በር ላይ የወሰድኩት ኩፖን

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ዲቪ ደርሶን ላስ ቬጋስ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። የሚያውቀን ሰው ሁሉ ታሪኩን ሰምቶታል፤ ቸርች ውስጥም ተመስክሮበታል። ሰው የሚያውቀው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ባልተከተለኝ ነበር።

ያኔ ስፕሪንግ ቫሊ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ አንድ ካዚኖ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ አጥባለሁ። ባለቤቴ ሰናይት፣ ልጃችን ሩት ገና የስድስት ወር ሕፃን ስለነበረች፣ ቤት ትውላለች። የምንኖረው በአንድ ሰው ደሞዝ ስለነበር ዳይፐር አለቀ በተባለ ቁጥር ኪሴ ያለውን እቆጥር ነበር።

ዶረቲን የተዋወቅኋቸው ግሮሰሪ ሰልፍ ላይ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ነጭ አሮጊት ናቸው። ከቦርሳቸው ኩፖን፣ ከጋዜጣ የሚቆረጥ የዋጋ መቀነሻ ወረቀት፣ የታጨቀበት ፖስታ አውጥተው አንድ በአንድ ለካሸሯ ሲሰጧት፣ ሒሳቡ ወደ ታች ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። አፌን ከፍቼ ሳያቸው ዘወር አሉና ከያዝኩት ዳይፐር ጋር የሚሄድ አንድ ቁራጭ ወረቀት መርጠው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ስንወጣ በዚያ ሙቀት አውቶቡስ ሊጠብቁ ሲሉ አሳዘኑኝ፤ በመኪናዬ ላድርስዎት አልኳቸው። አድራሻቸውን ሲነግሩኝ የእኛው ግቢ ሆኖ ተገኘ፤ ከእኛ ሦስት በር አለፍ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ አስተማሪዬ ሆኑ። የእሁድ ጋዜጣ ውስጥ የኩፖን ወረቀት ታጥፎ እንደሚመጣ፣ ኩፖን በእጥፍ የሚቀበለው ሱቅ የትኛው እንደሆነ፣ ዕቃው ቅናሽ እስኪወጣለት ኩፖኑን ይዞ መጠበቅ እንደሚያዋጣ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። እሁድ ጠዋት ቸርች ከመሄዳችን በፊት በራቸውን አንኳኳለሁ። ለእርሳቸው የማይሆነውን፣ የሕፃን የሕፃኑን ቆርጠው ይጠብቁኛል። የሥራ ጓደኞቼ በእረፍት ሰዓት መቀስ ይዤ ሲያዩኝ ልብስ ሰፊ ሆንክ እንዴ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ኋላ ግን እነሱም ትርፍ ካለህ ማለት ጀመሩ።

ዶረቲ ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ አሪዞና የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ መጥታ ስትወስዳቸው፣ ጋዜጣው በር ላይ ተቀምጦ የኩፖኑ ቀን እንዳያልፍ አንተ ውሰደው ብለውኝ ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁ።

በዚያ እሁድ ጠዋት ስሄድ የቅዳሜና የእሁድ ጋዜጣ በራቸው ላይ ተኝቷል። አሪዞና ሄደዋል ማለት ነው አልኩ። ሳይነግሩኝ መሄዳቸው ትንሽ ገረመኝ፤ ግን ብዙ አላሰብኩበትም። እዚያው በራቸው ላይ ቁጭ ብዬ የእሁዱን ጋዜጣ ከፈትኩ። የዚያን ሳምንት የዳይፐር ኩፖን ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ነበር። ወረቀቱን እያገላበጥኩ፣ መዝሙር እያንጎራጎርኩ፣ የእኔን ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውንም ድርሻ ለራሴ ወሰድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ አለመኖራቸው ደስ ብሎኛል። ጋዜጣውን አጣጥፌ በቦታው መልሼ ሄድኩ።

ከቸርች መልስ ከሰናይት ጋር ሱቅ ገባን። የመኪናችን ኋላ በዳይፐር ሞላ። ሰናይት በሳቅ ፈነዳች፤ ሩት አድጋ ትምህርት ቤት እስክትገባ ይበቃታል አለች።

ሰኞ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ወደ ሥራ ስወጣ ሦስተኛ ጋዜጣ ተጨምሮ አየሁ። ሌባ ቤቱ ባዶ መሆኑን እንዳያውቅ ላነሳላቸው ጎንበስ አልኩ። ያኔ ነው የኤሲያቸውን፣ የአየር ማቀዝቀዣቸውን፣ ድምፅ የሰማሁት። ያጉረመርማል። እኚህ ሴት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲሄዱ እንኳ መብራት የሚያጠፉ ሰው ናቸው። ኤሲ ከፍተው አገር አቋርጠው አይሄዱም።

አንኳኳሁ። በስማቸው ተጣራሁ። መልስ የለም።

ወደ ግቢው ማናጀር ቢሮ ሮጥኩ። ማናጀሩ ከወንበሩም አልተነሳ። ሴትየዋ ልጃቸው ጋ ሄደው ይሆናል፣ ያለ ተከራዩ ፈቃድ ደግሞ በር አልከፍትም አለኝ። ስለ ኤሲው በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ጭራሽ አልገባውም።

«ቁልፉን ካላመጣህ በሩን እሰብረዋለሁ» አልኩት።

ፊቴን አይቶ ቁልፉን ይዞ ተነሳ።

ዶረቲ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቀው መተላለፊያው ላይ ወድቀዋል። ጉንጫቸው ምንጣፉ ላይ ነው፤ ፊታቸው ወደ በሩ ዞሯል። የሞቱ መስሎኝ ነበር። ስንበረከክ ዓይናቸውን ገለጡ። ማናጀሩ አምቡላንስ ሲጠራ እኔ ፎጣ አርጥቤ ከንፈራቸውን ነካካሁላቸው። ጣቴን ያዙኝ፤ አምቡላንስ እስኪመጣ አለቀቁኝም። የዚያን ቀን ሺፍቴን አልገባሁም።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ኖሮ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። በእረፍት ቀኔ ሜዲካል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ያለው ሆስፒታል ሄጄ አየኋቸው። ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቅዳሜ በማለዳ ተነስተው ሲራመዱ እግራቸው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተጠልፎ እንደወደቁ ነገሩኝ። በሩን ስላስከፈትኩ አመሰገኑኝ። እጄን ይዘውም ጠየቁኝ።

«እሁድ መጥተህ ነበር አይደል?»

አዎ አልኩ።

«ሰማሁህ» አሉኝ። «ጋዜጣው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የምታንጎራጉረውንም ሰማሁ። ልጣራ ብል ድምፄ እንቢ አለኝ። ምንጣፉን በጥፍሬ ቧጠጥኩት። አሁን ያንኳኳል፣ አሁን ያንኳኳል እያልኩ ጠበቅሁ።»

አሪዞና የሄዱ መስሎኝ ነው ማለት ብቻ ቻልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አላየሁባቸውም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔን ወደ ተንጠለጠለው ግሉኮስ መለስኩ። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፃቸው ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ለሕፃኗ የሚሆን ነገር አገኘህ?»

አግኝቻለሁ አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሚቀጥለው እሁድ ሰናይት ቸርች ውስጥ ተነስታ መሰከረች። ጌታ ባሌን ተጠቅሞ የአንዲት እናት ሕይወት አተረፈ አለች። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ፣ እልል ተባለ። ማይኩን እኔ ጋ አመጡት። በዚያች ደቂቃ መናገር እችል ነበር። «ክብሩን እሱ ይውሰድ» ብዬ ተቀመጥኩ። ዶረቲ የነገሩኝን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሰናይትም ጭምር።

ዶረቲን ልጃቸው አሪዞና ወሰደቻቸው። ሁለት ዓመት ለገና ካርድ ላኩልን፤ በሦስተኛው ዓመት ቀረ። ዳይፐሩ ግን ቤታችን ውስጥ ነበር። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሩትን ልለውጣት አንዱን በከፈትኩ ቁጥር ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ እጄ ይቆማል። አንድ ቀን የቀረውን ጭኜ ለአንዲት አራስ ሰጠሁት። ሰናይት ምን ነካህ ብላ ተቆጣችኝ። በቃ፣ ሰው ይቸገራል አልኳት። ኩፖን መቁረጥም ተውኩ፤ ለሚጠይቁኝ ጊዜ የለኝም እላለሁ።

ሩት ዛሬ የልጆች እናት ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰናይት ታሪኩን ታወራለች፤ ሩትም አባቴ እኮ ሰው አድኗል እያለች ለልጆቿ ትነግራለች። እኔ የሆነ ነገር ላመጣ መስዬ ከመሃላቸው እነሳለሁ። ፊት ለፊት ልነግራቸው ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ይህን የጻፍኩት ሰናይት ታነበዋለች ብዬ ነው።

ዶረቲን ሰኞ ዕለት እንዳገኘኋቸው እውነት ነው። አንዳንድ ጠዋት ግን ስነቃ የማስበው እሁድን ነው፤ እኔ ከበሩ ወዲህ ደስ ብሎኝ ተቀምጬ፣ እርሳቸው ከበሩ ወዲያ እጄን ሲጠብቁ። ተነስቼ ስሄድ ኮቴዬን እስከ የት ድረስ እንደሰሙት፣ ከዚያ በኋላም እስከ ሰኞ ምን እያሰቡ እንደቆዩ አልጠየቅኋቸውም። ያኔ መልሱን ፈርቼ ነው። አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።