ባንተአምላክ መስክ የወጣ ዕለት

ባንተአምላክ ልጅነቱን የጨረሰው ሞጣ አካባቢ፣ ቅኔ ቤት ነው። አሁን አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኗል። በባጃጅ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚነገረውን ማስታወቂያ ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው። መስኮቱ ግድግዳ ብቻ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጽፏል።

በጥቅምት የኩፍኝ ክትባት ጥሪ መጣ። ባንተአምላክ እንደ ልማዱ «ባለድርሻ አካላት ተገቢውን ትኩረት በመስጠት» ብሎ ጀመረ። ባጃጁ ይህንኑ እየጮኸ ሁለት ቀን ከተማውን ዞረ፤ ልጅ ይዘው የመጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጡረታቸው የተቃረበው አለቃው ወይዘሮ ፀሐይነሽ አስጠሩት። አልተቆጡም። «እኔ ራሴ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም፤ ለነገ ሌላ ጻፍ» አሉት።

ያን ቀን እስኪመሽ ሲጽፍና ሲሰርዝ ዋለ፤ አንድም መስመር አልቀረለትም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ቢሮ ብሎ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ወደ ከተማው ዳር ወሰደው። የቅኔ መምህሩ የኔታ ወልደ ኪዳን ትዝ አሉት። አስተምረው ሲያበቁ ተማሪዎቹን ከግቢ ያስወጧቸው ነበር። «ውጡ፣ ዛፍ ዛፋችሁን ያዙ። እኔ ከጣራ ሥር አንድም ቅኔ ቆጥሬ አላውቅም» ይሉ ነበር። እያንዳንዱም ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ይቀመጥና ቅኔውን ያወጣ ያወርድ ነበር።

ጉም ጤፉ ላይ ተኝቷል። የጮቄ ተራራ በሩቁ ከጉሙ በላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ባንተአምላክ አንድ ወይራ ሥር ተቀመጠ። ጤዛው ሱሪውን አረጠበው። መጀመሪያ የማስታወቂያው ቃላት ጆሮው ውስጥ ይንጫጩ ነበር፤ እየቆዩ አንድ በአንድ ጥለውት ሄዱ። እንቅልፍም አልነበረም፣ ንቃትም አልነበረም። ከጉሙ ውስጥ ልጅ ያዘለች ሴት ብቅ አለች። «እንደምን አደሩ» ብላው አለፈች። ልጁ ከጀርባዋ ዞሮ አየውና ሳቀ፤ ሁለት ጥርስ ብቻ አለው። ጉሙ እናትና ልጁን ከሸፈናቸው በኋላም ሳቁ ለጥቂት ጊዜ ይሰማው ነበር።

ቃሉ ያኔ መጣለት። ወረቀት አልያዘም። መምህሩ ፊት ሊቀርብ እንደሚሄድ ተማሪ፣ እንዳይጠፋው በአፉ እየደጋገመ ተመለሰ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር፤ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ሣር አዩት። እሱ ምክንያት አልደረደረም፤ በቃሉ አሰማቸው።

«እናት ዓለም፣ ልጅሽ ሲስቅ ብቅ የሚሉትን ሁለት ጥርሶች አይተሻል? ሌሎቹም እንዲበቅሉ ኩፍኝን እንቅደመው። ማክሰኞ ጧት አዝለሽው ነይ፤ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ዋርካው ሥር እንጠብቅሻለን።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ብዕርና ወረቀት አወጡ። ከዚያ «እስኪ ድገመው» አሉ።

ባጃጁ እህል ተራ ሲደርስ፣ ስንዴ ትሰፍር የነበረች ነጋዴ ጣሳውን አንሥታ እንደያዘች ቀረች፤ ገዢውን በእጇ ዝም በል አለችው። ማክሰኞ ዕለት ሰልፉ ከዋርካው አልፎ አጥሩ ድረስ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ባንተአምላክ ረቡዕ ረቡዕ ማለዳ ቢሮ አይገባም። የሠራተኛ መውጫና መግቢያ ሰሌዳ ላይ፣ በስሙ ትይዩ፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ በእጃቸው «መስክ» ብለው ይጽፉለታል። ባልደረቦቹ ለሥራ ገጠር የወጣ ይመስላቸዋል። እሱ ግን የቅኔ ቤት ልጅ ነውና ቃሉን ባየ ቁጥር ፈገግ ይላል። ሁልጊዜ ይቀናዋል ማለት አይደለም፤ ጫማውን አበስብሶ ባዶውን የሚመለስበት ረቡዕም አለ።

በኅዳር ወር በአንዱ ረቡዕ፣ ወይራው ሥር እንደተቀመጠ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነበሩ፤ የዓመቱን ዕቅድ በብብታቸው ይዘዋል። ነጠላቸውን አጥፈው አነጠፉና አጠገቡ ተቀመጡ። ጤፉ ደርሷል፤ ነፋሱ ሲነካው ከዳር እስከ ዳር እየተኛ ይነሣል።

«ስልኬን ቢሮ ረስቼው መጣሁ» አሉ፣ ቆይተው።

ለመነሣት ግን አልቸኮሉም።