ካሳሁን ጫማ አይቆርጥም

በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ባለሙያ ያደርግ ነበር። የእኛ ጎረቤት ካሳሁን ግን ከባለሙያም አልፎ ሕግ አውጪ ሆኖ አረፈው። ሥራው የእህል መጋዘን ጸሐፊነት ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ ሩሲያዊ የገዛውን ካሜራ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለ ወዲህ፣ ፊልም በሌለው ቀን እንኳ አውልቆት አያውቅም።

ሕጉ አንድ ነው፤ ሰው ፎቶ ሲነሳ ጫማው መታየት አለበት። «ጉርድ ፎቶ ለቀበሌ መታወቂያ ነው» ይላል። «ሰው ሙሉውን ካልታየ ምኑን ተነሳ?» የብዙአየሁ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙሮ አቆመና፣ ጫማቸው እስኪገባለት ወደ ኋላ ሲል ሲል ከነሙሉ ልብሱ ውሃ ውስጥ ገባ። ፎቶው ላይ ሙሽሮቹ በሳቅ ሲፈርሱ ይታያሉ። ጫማቸውም ይታያል።

ታዲያ ይህ ሰው ቅዳሜና እሑድን አዲስ አበባ ሊያሳልፍ የይለፍ ወረቀት ማውጣቱ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። እትዬ ዘነበች ግን ሊለምኑት ነበር የመጡት። ልጃቸው ሙሴ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ዓይኑን አላዩም። በቅርቡ ነው «ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ አዛውረውኛል፣ ደህና ነኝ» ብሎ ከነአድራሻው በሰው የላከላቸው።

«ካሳሁን ልጄ፣ ሙሴን አንሳልኝ» አሉት። «እንዳንተ አድርገህ፣ ከራሱ እስከ ጫማው። ከስቶም እንደሆነ በዓይኔ ልየው።»

«እናቴ ትሙት! የጫማው አቧራ ሳይቀር ይታይዎታል» አለ ካሳሁን።

ተመልሶ ፎቶዎቹን ፎቶ ቤት አሳጥቦ ባመጣ ቀን ሁላችንም ቤቱ ተሰበሰብን። ካሜራውን ለአላፊ አግዳሚው እየሰጠ «ጫማዬን እንዳትቆርጥ!» ስላለ የተቆረጠው ሌላው ሁሉ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ የለውም። የአንበሳው ሐውልት ጭንቅላት የለውም። አንዱ ላይማ ካሳሁን ራሱ ጭንቅላት የለውም፤ ጫማው ግን ያበራል። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ዘብ አፍጥጦ «ምንድን ነው የምታነሳው?» ሲለው «ጫማዬን» ብሎ መለሰ አሉ። ዘቡ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ፣ ቀና ብሎ እሱን አየ፣ አዘነለትና ለቀቀው።

እኛ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ካሳሁን አንድ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ያን ጊዜ ልብ ያለው የለም።

«የኔስ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

ከኪሱ አንድ ፎቶ አወጣ። ሙሴ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ተተኩሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ እንዲያውም ወፈር ብሎ። ጎረቤታችን ብርቅዬ እልልታዋን አቀለጠችው። እናት ፎቶውን ደጋግመው ሳሙት። ከዚያ ራቅ አድርገው ያዙት። አውራ ጣታቸውን በፎቶው ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ልጃቸው ደረቱ ላይ በሚያልቅበት በኩል፣ ቀስ አድርገው አሳለፉት። ጠረጴዛው ላይ በተከመሩት ፎቶዎች ውስጥ ያለውን ያን ሁሉ ጫማም አዩ።

«ካሳሁን።»

«አቤት።»

«የልጄ ጫማ የታለ?»

«ቦታው ጠቦኝ ነው እትዬ» አለ። «ወደ ኋላ የምልበት አጣሁ።»

ለሰው ጫማ ብሎ ሐይቅ የገባው ሰውዬ ነው እንግዲህ ይህን የሚለው። መጀመሪያ ውሸቱ አናደደኝ። ወዲያው ግን ገባኝ። ብርቅዬም እልልታዋን አቋረጠች።

እትዬ ዘነበች አላለቀሱም። ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙ።

«የትኛው እግሩ ነው?» አሉት።

ካሳሁን አቀርቅሮ የራሱን ጫማ አየ።

«ግራው» አለ።