ጨረቃ እስክትጠልቅ

በደርግ ዘመን መተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቴ በጓንግ ወንዝ ዳር ፋኖስ ሲያበራ ተያዘ። ከማዶ ላሉ ሽፍቶች ምልክት ሰጥተሃል ተባለ። «ብርሃኑ ዓሣ ይጠራል» ቢል የሚያምነው አጣ። የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ነገሩን በዓይኑ ሊያይ፣ እኔን ምስክር አድርጎ በምሽት ወንዝ አወረደን።

ሰማዩ ላይ ጨረቃ ነበረች፤ ግማሽ ትሁን ሩብ ዛሬ አልምልበትም።

«ጓድ፣ ጨረቃ ሳትጠልቅ ዓሣ ለፋኖስ አይመጣም፤ ጥቂት ይታገሡኝ» አለ ጎረቤቴ።

«እስከዚያ የምንጠብቀው ዓሣውን ነው ወይስ ወዳጆችህን?» አለ ኃላፊው። ቢሆንም ጠበቀ።

ጨረቃዋ ስትጠልቅ ጎረቤቴ ፋኖሱን ወደ ውኃው ዝቅ አደረገ። ጥቃቅን ዓሦች ብርሃኑን ከበቡት፤ እነርሱን ተከትሎ አንድ አምባዛ ብቅ ሲል በጦር ወጋው። ኃላፊው ዓሣውን ሊያይ ሲያጎነብስ እኔ ቀና አልሁ። ከማዶ አንዲት ብርሃን ብልጭ ብላ የጠፋች መሰለኝ። ምናልባት የዓይኔ ድካም ይሆናል።

«መምህር፣ ምን አዩ?» አለኝ ኃላፊው።

«ዓሣ አየሁ» አልሁ።

ጎረቤቴን ለቀቀው፤ ፋኖሱንና አምባዛውን ግን ይዞ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቴ አላመሰገነኝም።

«መምህር፣ ዓይንዎ የሩቁን ያያል?» ብቻ አለኝ።

«የቅርቡን ብቻ» አልሁት።